ብር ሲዘረዘር ድምሩ አይጐድልም፦ ተደራራቢ የጥናት መረጃን በሠንጠረዥ ስለ መዘርዘርና ስለ ማሰናዳት የቀረበ ሒስ

የቃላት ጥናት ከካርድ ሣጥን ወደ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ከተሸጋገረ ወዲህ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ሆኑ የጥንታዊ ጽሑፎች ተመራማሪዎች የሰበሰቡትን ማስታወሻ በረድፍና በዓምድ ከፋፍሎ ማስቀመጥን የዘወትር ተግባራቸው አድርገውታል። ሠንጠረዥ ለመደርደር፣ ለመፈለግና ለመቍጠር የሚሰጠው ጥቅም የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን የጥናት መረጃ ሁልጊዜ በሠንጠረዥ ልክ ተሰፍቶ አይገኝም። አንዱ ነገር ሌላውን ያቅፋል፤ የታቀፈውም በተራው ሌላ ያቅፋል። ይህን ተደራራቢ መረጃ ወደ ረድፎች ስንዘረዝር የምናገኘውን ጥቅም ሁሉም ያየዋል፤ የምናጣውን ግን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። በዚህ ጽሑፍ ልንተች የተነሣነው ይህንኑ ሳይስተዋል የሚጠፋውን ነገር ነው።

ለሒሳችን ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው በደቡብ ወሎ የሚገኘውን ሐይቅንና አምባሰልን ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተጠበቀው ወንጌል፣ የሐይቅና የአምባሰል ስሞች የሚሸከሙት ብዙ ፍች፣ በውጫሌም የተፈረመው ውል፣ መረጃን ስለ መዘርዘር ሊነሡ የሚገባቸውን ዋና ዋና ጥያቄዎች በጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ውስጥ አሰባስበው ይዘውልናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡት ዓመታት ‘እ.ኤ.አ.’ የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ሀ. ተደራራቢ መረጃ ምን ይመስላል?

አባ ኢየሱስ ሞአ ከ1248 እስከ 1292 እ.ኤ.አ. የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እንደ መሩ ይታወቃል። ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌል ብራና በ1273 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ይህንን ወንጌል ፊልም አንሥቶ 1832 የሚል ቍጥር ሰጥቶታል። ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት አምስተኛው የካታሎግ ቅጽ ውስጥም ከ1501 እስከ 2000 ካሉት ቍጥሮች መካከል ተገልጿል። ከዚያም ቀደም ብሎ ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት በዚሁ ወንጌል ውስጥ የሚገኙትን ማስታወሻዎች ለታሪክ ምንጭነት ተጠቅመውባቸዋል።

እንግዲህ ይህን አንድ መጽሐፍ እንመልከት። በውስጡ አራቱ ወንጌላት አሉ፤ ሥዕሎች አሉ፤ የኢየሱስ ሞአም ሥዕል ከእነርሱ አንዱ ነው። ባዶ በነበሩ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ደግሞ በልዩ ልዩ ዘመንና በልዩ ልዩ እጅ የተጨመሩ ማስታወሻዎች ይገኛሉ። ከማስታወሻዎቹ አንዱ ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት የሚቈጥር ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የመጻሕፍት ስሞች ተደርድረዋል። መጽሐፍ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ማስታወሻ፣ በማስታወሻው ውስጥ ዝርዝር፣ በዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ እንደገና መጽሐፍ፤ አራት ደረጃ ያለው መረጃ ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በእጅ የሚዳሰስ ብራና ነው፤ የመጨረሻው መጽሐፍ በጽሑፍ የተጠራ ስም ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ውስጥ ‘መጽሐፍ’ በሚል ርእስ ሥር ያስቀመጠ ሰው ገና ሥራውን ሳይጀምር ተሳስቷል።

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህን ሁኔታ ከራሱ ሙያ ያውቀዋል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዘሩ ሥር አስገብተው የሚያስረዱ ናቸው። በዘሩ ሥር ግሱ፣ በግሱ ሥር ርቢው፣ በርቢው ሥር ፍቹ፣ በፍቹ ሥር ምሳሌው ይመጣል። አንባቢ አንድን የስም ርቢ ሲያነብ ዓይኑን ወደ ላይ ቢመልስ የወጣበትን ግስ ያገኘዋል። ገጹ ራሱ ዝምድናውን ያሳየዋል። ሠንጠረዥ ግን እንዲህ ያለ ገጽ የለውም፤ ረድፉ በላዩ የያዘውን ብቻ ያውቃል እንጂ ከበላዩ የነበረውን አያውቅም።

ለ. ስለ ስያሜዎቹ

ወደ ዋናው ሒስ ከመግባታችን በፊት በስያሜዎቹ ላይ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ምክንያቱም ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ ከስያሜው የሚመነጩ ናቸውና።

የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በአማርኛ ሲቀርቡ ሠንጠረዥ የሚሠራበትን ሉህ ‘የተመን ሉህ’ ይሉታል። ተመን በአማርኛ የዋጋ ልክ ነው። ይህ ስያሜ ለሒሳብ ሠራተኛ ቢስማማም የብራና ማስታወሻ፣ የቦታ ስምና የቃል ፍች ለሚመዘግብ ሰው ግን ሥራውን አይገልጽለትም። እኛ ‘ሠንጠረዥ’ የሚለውን የተለመደ ቃል መርጠናል። የጨዋታም ስም ቢሆን፣ በረድፍና በዓምድ የተከፈለ ሜዳ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህም ጋር የአገራችን ተማሪ ገና በልጅነቱ የሚያውቀው የፊደል ገበታ ራሱ ሠንጠረዥ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በገበታው ላይ ‘ሉ’ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በ‘ለ’ ረድፍ በመሆኗና በካዕብ ዓምድ በመሆኗ። ረድፉን ወይም ዓምዱን ያላወቀ ፊደሏን አላወቃትም።

አንዱ በሌላው ውስጥ ያደረን መረጃ ለመሰየም የወፍ ጎጆን ምሳሌ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ገልብጦ ማምጣትን አንደግፍም። ጎጆ ለአማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያ የሰው መኖሪያ ነው፤ ጎጆ መውጣትም ከወላጅ ተለይቶ ራስን መቻል እንጂ በሌላ ውስጥ መግባት አይደለም። ስለዚህ መረጃውን ‘ተደራራቢ’፣ አቃፊውን ‘እናት’፣ የታቀፈውን ‘ልጅ’ ማለት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ‘አቃፊ’ የሚለው ቃል በኮምፒዩተር አማርኛ ፋይሎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ለመጥራት ስለ ተወሰደ ደርበን አንጠቀምበትም። እናትና ልጅ ካልን ደግሞ ‘ውርስ’ የሚለው ቃል ሳይጠራ ይመጣል፤ እርሱም በጣም ያስፈልገናል።

ተደራራቢውን መረጃ ወደ ረድፎች ለመበተን አማርኛ ከ‘መዘርዘር’ የተሻለ ቃል የለውም። ዘረዘረ ማለት አንድ በአንድ ቈጥሮ ማቅረብ ነው፤ ዝርዝርም ተራ በተራ የተጻፈ ነገር ነው። በግዕዝ ሰዋስው ትምህርት ውስጥም ቃሉ የራሱ ሙያዊ ፍች አለው። በገበያ ግን ሁሉም የሚያውቀው ፍቹ ሌላ ነው፤ ብር መዘርዘር። መቶ ብር ይዞ የመጣ ሰው በዐሥር፣ በአምሳ፣ በሳንቲምም ሊዘረዘርለት ይችላል። የኖቱ ዐይነትና ብዛት ይለወጣል፤ ድምሩ ግን አይለወጥም። ተቀባዩም ቈጥሮ መቶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ከቦታው አይንቀሳቀስም። መረጃን ስለ መዘርዘር የምንለው ሁሉ በዚህ አንድ ልማድ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ሐ. ያልተገባ ውርስ

የመጀመሪያውና ከሁሉ የከፋው ስሕተት ያልተገባ ውርስ ነው። እኛም ራሳችን ወድቀንበታልና ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት የራሳችንን እንናገር።

የብራናዎችን መግለጫ ወደ ሠንጠረዥ ባስገባንበት ጊዜ በመጀመሪያው ረድፍ የመጽሐፉን ቍጥር፣ ቦታና ዘመን ጻፍን። ማስታወሻዎቹን ከሥሩ በተከታታይ ረድፎች አስገባን፤ የቍጥሩን፣ የቦታውንና የዘመኑን ስፍራ ግን ባዶ ተውነው። ባዶው ‘ከላይ እንዳለው’ ማለት መሆኑ ለእኛ ግልጽ ነበር። ለሠንጠረዡ ግን ግልጽ አልነበረም። ረድፎቹን በሰው ስም ቅደም ተከተል በደረደርናቸው ጊዜ ማስታወሻዎቹ ከመጻሕፍታቸው ተለይተው ተበታተኑ። ሥራውን እንደ ገና ጀምረን፣ በዚህ ጊዜ ባዶውን ሁሉ ከላይ ባለው ቃል ሞላነው። ሠንጠረዡ አማረ፤ ባዶ ቦታ አልቀረበትም። ከዚያም በ1273 ዓ.ም. በተጻፈው ወንጌል ውስጥ ያለው ማስታወሻ ሁሉ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ሆኖ ተመዘገበ።

በዚህ ስሕተት ላይ ቆመን የጥንት ቃላትን ዝርዝር ማውጣት ጀምረን ነበር። ያዳነን አንድ የሥራ ባልደረባችን ያቀረበልን አጭር ጥያቄ ነው፤ «ይህ ዘመን የብራናው ነው ወይስ የማስታወሻው?» መልስ አልነበረንም፤ ሠንጠረዣችን ሁለቱን የሚለይበት ዓምድ አልነበረውምና።

ጕዳቱ ለሥነ ቃላት ሰው ቀላል አይደለም። የርስትና የጉልት ማስታወሻዎች በግዕዝ ቢጻፉም አልፎ አልፎ የአማርኛ ቃላትን ይዘው ይገኛሉ። አንድ ቃል በጽሑፍ መጀመሪያ የታየበትን ዘመን የሚፈልግ ተመራማሪ እንዲህ ያሉትን ማስታወሻዎች እንደ ወርቅ ይመለከታቸዋል። ብራናው በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ስለ ሆነ ብቻ፣ በኋለኛ ዘመን በኅዳጉ ላይ የተጨመረ ቃል የ13ኛው መቶ ዓመት ቃል ተብሎ ቢወሰድ፣ ስሕተቱ ከሠንጠረዡ ወደ ጥናት፣ ከጥናቱ ወደ መዝገበ ቃላት፣ ከመዝገበ ቃላቱ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በመንገዱም ላይ የተሳሳተበት ረድፍ ተረስቶ ዓመቱ ብቻ እየተጠቀሰ ይኖራል።

እንግዲህ ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው አለ፤ የማይወርሰውም አለ። ማስታወሻው ከብራናው የሚወርሰው የሚገኝበትን ገዳም፣ የፊልሙን ቍጥርና ቁሱን ነው። የጸሐፊውን እጅ፣ ዘመኑንና ቋንቋውን ግን ሊወርስ አይገባውም፤ እነዚህ የራሱ ናቸው፤ ካልታወቁም ‘አልታወቀም’ ተብለው ሊጻፉ ይገባል። ‘አልታወቀም’፣ ‘አልተመለከትነውም’ እና ‘የለም’ ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ባዶ ስፍራ ሦስቱንም በአንድ ዝምታ ይሸፍናቸዋል። በእኛ አስተያየት በተዘረዘረ ሠንጠረዥ ውስጥ ምንም ባዶ ስፍራ ያለ ፍች መተው የለበትም፤ ከላይ ባለውም ቃል በጅምላ መሞላት የለበትም። እያንዳንዱ ዓምድ የሚወረስ ወይም የማይወረስ መሆኑ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

መ. ከድምሩ በላይ የሆነ ዝርዝር

ሁለተኛው ስሕተት የመብዛት ስሕተት ነው። አንድ መጽሐፍ አራት ጽሑፎችና አምስት ማስታወሻዎች አሉት እንበል። ዘርዛሪው መጀመሪያ ጽሑፎቹን ቢዘረዝር አራት ረድፍ ያገኛል። ቀጥሎ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ማስታወሻዎቹን ቢዘረዝር ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ማስታወሻ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር ያጋባውና ሃያ ረድፍ ይሰጠዋል። በእርግጥ የነበሩት ነገሮች ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱ ማስታወሻ አራት ጊዜ ተደግሟል፤ ከዚህም የከፋው፣ ማስታወሻው ከማቴዎስ ወንጌል ጋር የተለየ ግንኙነት ያለው፣ ከማርቆስም ጋር እንዲሁ ያለው መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ግንኙነት ግን ማንም አልጻፈም።

በኤክሴል ውስጥ ያለው ፓወር ኩዌሪ የተባለው መሣሪያ ይህን ሥራ በአንድ ቍልፍ ይፈጽመዋል። መሣሪያው ጥፋተኛ አይደለም፤ የታዘዘውን አድርጓል። ጥፋቱ ወንድማማች የሆኑትን ሁለት ዝርዝሮች በአንድ ሉህ ላይ እንዲበተኑ ያዘዘው ሰው ነው። መቶ ብር አዘርዝሮ ሁለት መቶ የተቀበለ ሰው ለጊዜው ደስ ሊለው ይችላል፤ ሒሳቡ ሲተሳሰብ ግን ከደስታው ይልቅ ዕዳው ይበልጥበታል። በቃላት ጥናትም የአንድ ቃል ድግግሞሽ ብዛት እንዲህ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ቢቈጠር፣ ቃሉ በሕዝብ አፍ ሳይዘወተር በሠንጠረዥ የተዘወተረ ይሆናል።

መድኃኒቱ ከታወቀ ቈይቷል። ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. የመረጃ ቋትን ስለ ማደራጀት በጻፈው ጽሑፍ፣ በአንድ ስፍራ ውስጥ የተወሸቀ ዝርዝር ወጥቶ የራሱ ሠንጠረዥ እንዲሆንና የእናቱን መለያ ይዞ እንዲሄድ አሳይቷል። ሃድሊ ዊክሃምም በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ሥርዐታዊ መረጃ ባሳተመው ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን አስቀምጧል፤ እያንዳንዱ የመረጃ ዐይነት አንድ ዓምድ፣ እያንዳንዱ ምልከታ አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱም የምልከታ ዐይነት አንድ ሠንጠረዥ ይኑረው። በአገራችን ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ሦስተኛው ነው። ለብራናዎች አንድ፣ ለጽሑፎች አንድ፣ ለማስታወሻዎች አንድ፣ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ለተጠሩት መጻሕፍት አንድ ሠንጠረዥ ሊኖር ሲገባ፣ ሁሉን በአንድ ሉህ ለማየት ካለን ጕጕት የተነሣ አራቱን እናደባልቃቸዋለን።

ሠ. ማሰናዳት ወይስ ማጽዳት?

ከመዘርዘር ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ብዙ ጊዜ ‘መረጃ ማጽዳት’ ይባላል። ይህን ስያሜ እንነቅፋለን። ማጽዳት እድፍን ማስወገድ ነው፤ እድፍ የተባለውም ነገር ከተወገደ በኋላ የሚፈልገው የለም። የቋንቋ መረጃ ግን እንዲህ አይደለም። ለአንዱ እድፍ የሆነው ለሌላው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ‘ማሰናዳት’ የሚለው ይሻላል፤ ያሰናዳ ሰው ሁሉን በቦታ በቦታው ያኖራል እንጂ አይጥልም።

ሐይቅ የሚለውን ስም እንውሰድ። በጽሑፍ ‘ሐይቅ’፣ ‘ሀይቅ’ና ‘ሃይቅ’ ተብሎ ይገኛል። ለቍጥር እንዲመች ሦስቱን ወደ አንድ ማምጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጽሕፈት ከጠፋ፣ የፊደላትን መለዋወጥ የሚያጠናው ሰው መረጃውን ተነጠቀ ማለት ነው። ከጽሕፈቱ በላይ ደግሞ ፍቹ አለ። ሐይቅ በአማርኛ የውሃው የወል ስም ነው፤ በግዕዝ ዳርቻን፣ የባሕርን ጠረፍም ያመለክታል፤ በደቡብ ወሎ የአንድ የታወቀ ውሃ፣ የአንድ ገዳምና የአንድ ከተማ የተጸውዖ ስም ነው። ‘ሐይቅ’ የሚል ረድፍ ብቻውን ቆሞ ቢገኝ ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን እናቱ ብቻ ናት። እናቱ በመዘርዘር ጊዜ ከጠፋች፣ በኋላ የሚያሰናዳው ሰው በግምት ይሞላዋል።

አምባሰልም እንዲሁ ነው። ተራራ ነው፤ ወረዳ ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቈጠር ቅኝትም ነው። በአስተዳደርም ቢሆን ስሙ በየዘመኑ የያዘው ስፋት ተለዋውጧል። ሐይቅ ከተማ ዛሬ በተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ነው፤ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ነው። በቀድሞው አከፋፈል ግን ሐይቅ በአምባሰል አውራጃ ሥር ይቈጠር ነበር። ስለዚህ በአንድ የቆየ የቃላት መሰብሰቢያ ካርድ ላይ ‘አምባሰል፤ ሐይቅ’ የሚል ቢገኝ ስሕተት አይደለም። ይህንን ‘ለማስተካከል’ ሲል አምባሰልን ሰርዞ ተሁለደሬን የሚጽፍ፣ ወይም በተቃራኒው የዛሬውን የአምባሰል ወረዳ የቦታ ዝርዝር አምጥቶ ሐይቅን የሚያስወጣ ሰው፣ ካርዱ የተጻፈበትን ዘመን ምስክርነት አጥፍቷል። የቦታ እናትና ልጅ ዝምድና ዘመን አለው፤ ሠንጠረዡም ዘመኑን የሚጽፍበት ዓምድ ያስፈልገዋል።

የቀን አጻጻፍ ደግሞ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ኤክሴል ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ያለውን ዕለት እንደ ዕለት አያውቀውም፤ የእኛንም አቈጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀን በአኃዝ 30/2 ተብሎ ሲጻፍለት የየካቲት... የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ሠላሳኛ ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ጥቅምት 5 ቀን 5/2 ተብሎ ሲጻፍለት ግን የፈረንጅ ዕለት አድርጎ ይቀበለዋል። እንዲህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ጽሑፍ፣ ግማሹ የተሳሳተ ዕለት ይሆናል። ጳጕሜንማ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለ ሆነች በወር ተራ ስፍራ የላትም። ስለዚህ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በሦስት ዓምድ፣ የአቈጣጠሩን ዐይነት በአራተኛ ዓምድ መጻፍ ግድ ነው።

ረ. እናት የሌለው መረጃ

እስከ አሁን እናቱን ስለሚያጣ ልጅ ተናገርን። ከዚህ የሚለይ፣ ነገር ግን ለተርጓሚዎች ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባ ሌላ ችግር አለ፤ ይኸውም እናት ለሌለው መረጃ እናት መፍጠር ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ሲሆን ሃያ አንቀጾች አሉት። የአንቀጽ 17 ነገር የታወቀ ነው። የአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ ‘ይቻላቸዋል’ ሲል፣ የኢጣልያንኛው በዚሁ አማካይነት ለመጠቀም መስማማታቸውን የሚያመለክት ግስ ያዘ። ኢጣልያም ከዚህ ተነሥታ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳደረገች አስታወቀች። ምኒልክ በ1893 እ.ኤ.አ. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተፈጸመ።

ይህን ውል ለትርጉም ጥናት በሠንጠረዥ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የረድፍ መጠን ነው። በየአንቀጹ አንድ ረድፍ ቢያደርግ ሃያ ረድፍ በአማርኛ፣ ሃያ ረድፍ በኢጣልያንኛ ያገኛል፤ ሃያውም ከሃያው ጋር ይገጥማል፤ ሠንጠረዡ ‘ጕድለት የለም’ ይለዋል። ልዩነቱ ግን ከአንቀጹ ሥር፣ ከሐረጉ ሥር፣ በአንድ ግስ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ረድፍ ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነው የምንጠይቀው ጥያቄ እንጂ የጽሑፉ ቍጥር አሰጣጥ አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና የዓምዶቹ ርእስ ነው። በትርጉም ሥራ የተለመደው አንዱን ዓምድ ‘ምንጭ’፣ ሌላውን ‘ትርጉም’ ብሎ መሰየም ነው። የውጫሌ ውል ግን በአንቀጽ 19 ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ሕጋዊ እንደሚሆኑ ይደነግጋል። ‘ምንጭ’ እና ‘ትርጉም’ የሚሉትን ሁለት ቃላት በሠንጠረዡ ራስ ላይ የጻፈ ሰው፣ ሳያስበው፣ አንዱን እናት ሌላውን ልጅ አድርጎ የክርክሩን ፍርድ አስቀድሞ ሰጥቷል። ልጅም ከእናቱ ሲለይ የሚታረመው ልጅ ነው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በደም የተከፈለበትን ጥያቄ በርእስ አሰጣጥ መመለስ አይገባም። ተገቢው ሁለቱን ጽሑፎች በእኩልነት ‘አማርኛ’ እና ‘ኢጣልያንኛ’ ብሎ መሰየም፣ ዝምድናቸውንም በሌላ ሠንጠረዥ መመዝገብ ነው።

ሰ. ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞና ማጠቃለያ

አንዳንድ አንባብያን «ችግሩ ይህን ያህል ከሆነ ስለ ምን ሠንጠረዥን አንተወውም?» ሊሉ ይችላሉ። በእርግጥ ሌላ መንገድ አለ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ‘ቤተ መጻሕፍት’ የተባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች የጥናት ሥራ፣ መግለጫውን ሳይዘረዝር ከነተደራራቢነቱ የሚይዝ የጽሑፍ አመዘጋገብ ሥርዐት ይከተላል። በዚያ ሥርዐት ማስታወሻው በብራናው ውስጥ፣ ስሙም በማስታወሻው ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ይህ ለመረጃው ታማኝ ነው። ነገር ግን የቍጥር ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ከዚያም ቢሆን ረድፎችን ማውጣት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው የአገራችን ተመራማሪም በእጁ ያለው መሣሪያ ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ መዘርዘር አይቀርም። የሚቀረው ያለ ጥንቃቄ መዘርዘር ነው፤ ቢቀርም ደስ ይለናል።

ከላይ የተባለውን ስንጠቀልለው ለዘርዛሪ የምናሳስበው ጥቂት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጅ ለይቶ ያኑር፤ በእርሱ ላይ አይሥራ። መዘርዘር ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ እናት መለያ ቍጥር ይስጥ፤ ቍጥሩም በእያንዳንዱ የልጅ ረድፍ ላይ በሙሉ ይጻፍ እንጂ በባዶ ስፍራ አይታሰብ። ወንድማማች ዝርዝሮችን በየራሳቸው ሠንጠረዥ ያኑር። ለእያንዳንዱ ዓምድ የሚወረስ መሆን አለመሆኑን ይወስን። በዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ስለ ሆነ፣ የተራ ቍጥሩን በአንድ ዓምድ ይያዝ። በብራናው ላይ የተገኘውን ጽሕፈት በአንድ ዓምድ፣ የተሰናዳውን በጎኑ ባለው ዓምድ ይጻፍ።

ይህን ሁሉ ፈጽሞ እንደ ሆነ ግን የመጨረሻውን ፈተና ሳያደርግ ሥራውን ጨረስሁ አይበል። ፈተናው ከገበያ የተወሰደ ነው። ብር የተዘረዘረለት ሰው ዝርዝሩን ደምሮ የሰጠውን ያህል ማግኘቱን ያረጋግጣል። ዘርዛሪም የበተናቸውን ረድፎች በመለያ ቍጥራቸው መልሶ ይሰብስብ። የሐይቁ ወንጌል ከነወንጌላቱ፣ ከነሥዕሎቹ፣ ከነማስታወሻዎቹና በማስታወሻዎቹ ውስጥ ከተቈጠሩት መጻሕፍት ጋር፣ እያንዳንዱ በየዘመኑና በየእጁ፣ ሳይጐድልና ሳይበዛ ተመልሶ ከተገኘ ዝርዝሩ የታመነ ነው። ካልተገኘ ግን ሠንጠረዡ የቱን ያህል ቢያምር የጐደለው ነገር የት እንደ ወደቀ ሳይፈለግ ከእርሱ አንድም ቃል ወደ መዝገበ ቃላት ሊገባ አይገባም።